የሞላ መንገድ ሁሉ ማነቆ አይደለም

ከጅቡቲ ወደብ እስከ ባሕር ዳር በቀን ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ማድረስ ይቻላል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልስ ሰጪው ግን ብዙ ነው። የወደቡ ሰው ከመርከብ በቀን የሚራገፈውን ይነግርዎታል። የባቡሩ ሰው ፉርጎ ይቆጥርልዎታል። የትራንስፖርት ማኅበሩ ሊቀመንበር የተሳቢዎቹን ብዛት፣ የዩኒየኑ ኃላፊ ደግሞ የመጋዘኑን ስፋት ይጠቅሱልዎታል። ሁሉም ስለ ራሳቸው ክፍል እውነቱን ተናግረዋል፤ ከቁጥሮቹ መካከል ግን የጥያቄው መልስ የለም። መልሱን የሚወስነው ክፍሎቹ የተጋጠሙበት ቅርጽ ነው፦ የትኛው መንገድ ከየትኛው ይገናኛል፣ የት ላይ ይከፈላል፣ የት ላይ ተመልሶ ይጠብባል።

ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ሒሳብ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተጣራ ዘዴ አለው። የከፍተኛ ፍሰት ስሌት ይባላል። ዛሬ በኮምፒዩተር ቢሠራም ሐሳቡን ለመረዳት አንድ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። እርሳሱ ላጲስ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገባዎታል።

መረባችንን እንሣል። ከጅቡቲ ሁለት መስመር ይወጣል። አንዱ በጋላፊ ኬላ ገብቶ፣ ሰመራን አልፎ ሚሌ የሚደርሰው የአስፋልት መንገድ ነው። ሌላው በደወሌ ገብቶ በድሬዳዋ፣ በአዋሽና በአዳማ በኩል ሞጆ የሚደርሰው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ሚሌ የደረሰ መኪና ሁለት ምርጫ አለው፤ ወደ ደቡብ ታጥፎ በገዋኔና በአዋሽ ወደ ሞጆ መሄድ፣ ወይም ባቲን ወጥቶ ኮምቦልቻ መግባት። ከሞጆ ወደ ባሕር ዳር የሚጫነው አዲስ አበባን አልፎ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ የአባይን በረሃ ወርዶ፣ ደጀን ላይ ወጥቶ በደብረ ማርቆስ ያልፋል። ከኮምቦልቻ የሚነሳው ደግሞ በደሴና በወልዲያ አድርጎ፣ ሰዉ እስካሁን «የቻይና መንገድ» በሚለው በኩል ጋሸናንና ደብረ ታቦርን አልፎ ወረታ ይወጣል። ከወረታ በኋላ ባሕር ዳር ቅርብ ነው።

አሁን በየመስመሩ ላይ አቅሙን እንጻፍ፤ መለኪያችን በቀን ሺህ ኩንታል ይሁን። ጅቡቲ–ሚሌ 40። ጅቡቲ–ሞጆ በባቡር 30። ሚሌ–ሞጆ 40። ሚሌ–ኮምቦልቻ 30። ሞጆ–ባሕር ዳር በአባይ በረሃ 45። ኮምቦልቻ–ባሕር ዳር በወረታ 20። መንገዶቹ እውነተኛ ናቸው፤ ቁጥሮቹን ግን ለማስተማሪያ እንዲመቹ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ከማንም መሥሪያ ቤት ዘገባ የተወሰዱ አይደሉም።

የአንድ መስመር አቅም ከየት እንደሚመጣ ሳናይ ብንቀጥል ግን ስሌቱ ሁሉ በአየር ላይ ይቀራል። በጋላፊ መስመር የሚሠሩ 1,000 ተሳቢዎች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ 400 ኩንታል ይጭናል። ወደብ ገብቶ ወረፋ ጠብቆ መጫን፣ ኬላ ላይ ሰነድ ማስጨረስ፣ መጓዝ፣ መድረሻ ላይ ጫኝና አውራጅ እስኪገኝ መቆም፣ ባዶውን መመለስ፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ምልልስ 10 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ በየቀኑ ከጅቡቲ ጭኖ የሚወጣው በአማካይ 100 መኪና ነው፤ 100 በ400 ሲባዛ 40,000 ኩንታል። ከላይ የጻፍነው 40 ይኸው ነው። ምልልሱ ወደ 8 ቀን ቢወርድ በቀን 125 መኪና ይወጣል፤ አቅሙም አንድ ጎማ ሳይገዛ 50 ይሆናል። ስለ ጭነት ትራንስፖርት ሲወራ የመኪና ቁጥር ቶሎ ይነሳል፤ የወረፋ ሰዓት ግን ብዙም አይነሳም። አቅም የሚባለው ነገር ግማሹ ያለው እዚያ ወረፋ ውስጥ ነው።

የጨዋታው ሕግ ሁለት ብቻ ነው። በማንኛውም መስመር ላይ ከአቅሙ በላይ አይለፍ። ከጅቡቲና ከባሕር ዳር በስተቀር ደግሞ ወደ አንድ መገናኛ የገባው ሁሉ ይውጣ፤ ሚሌ ላይ ማዳበሪያ አይመረትም፣ አይዘራምም። በእነዚህ ሁለት ሕጎች ውስጥ ባሕር ዳር የሚገባው እንዲበዛ እንፈልጋለን።

ብዙ ሰው የሚጀምረው እንዲህ ነው። በሰፊው መንገድ የቻለውን ያህል ይልካል፣ ከዚያ የተረፈውን ያያል። ጅቡቲ–ሚሌ–ሞጆ–ባሕር ዳር ሰፊ ነው፤ 40፣ 40፣ 45። ስለዚህ 40 ላክን። አሁን ከሞጆ ወደ ባሕር ዳር የቀረው 5 ብቻ ነው፤ በባቡር 5 ጨምረን ሞላነው። ድምሩ 45 ሆነ። ሌላ መንገድ እንፈልግ፦ የኮምቦልቻው መስመር ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው፤ ነገር ግን ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው በሚሌ ነው፣ ከጅቡቲ ሚሌ ያለው 40 ደግሞ አልቋል። ባቡሩ ገና 25 የመጫን ቦታ አለው፤ ሞጆ ቢያደርስ ግን ከሞጆ ወዲያ መውጫ የለም። ከጅቡቲ ተነስቶ ባሕር ዳር የሚደርስ አንድም ክፍት መንገድ አልቀረም። ብዙ ዕቅድ እዚህ ላይ ይዘጋል፤ «አቅማችን 45 ነው» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

ላጲሱ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ቀድሞ የተላከን ጭነት እንደ ተወሰነና እንዳለቀ ነገር ከማየት ይልቅ፣ ሊሰረዝ እንደሚችል ውሳኔ እንየው። ከሚሌ ወደ ሞጆ 40 ልከናል፤ ስለዚህ ከዚያ ውስጥ እስከ 40 ድረስ «መሰረዝ» እንችላለን። በስሌቱ ቋንቋ ይህ ማለት ከሞጆ ወደ ሚሌ የሚሄድ፣ 40 አቅም ያለው የተገላቢጦሽ መስመር ተከፈተ ማለት ነው። አሁን አዲስ መንገድ ብቅ አለ፦ ከጅቡቲ በባቡር ወደ ሞጆ (25 ቀርቷል)፣ ከሞጆ በተገላቢጦሹ ወደ ሚሌ (40)፣ ከሚሌ ወደ ኮምቦልቻ (30)፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባሕር ዳር (20)። ከአራቱ ትንሹ 20 ነው፤ 20 እንልካለን። ድምሩ 65 ሆነ።

ማንም መኪና ከሞጆ ወደ ሚሌ አልተመለሰም። የሆነው ነገር ይህ ነው። ሚሌ ላይ ወደ ሞጆ ሊታጠፉ ከነበሩት መኪኖች 20 ሺህ ኩንታል የጫኑት፣ ማለትም ሃምሳዎቹ፣ ወደ ኮምቦልቻ እንዲወጡ ታዘዙ። እነርሱ ይይዙት የነበረውን የአባይ በረሃ ቦታ በባቡር የመጣው 20 ሺህ ወሰደው። የጋላፊ መኪኖች እንደ ወትሮው 40 ሺህ ጫኑ፣ ባቡሩ ከ5 ወደ 25 ከፍ አለ፣ የቻይና መንገድ ሥራ አገኘ። የተቀየረው ሚሌ ላይ ያለው መታጠፊያ ብቻ ነው።

ነገሩን በትኩረት የተከታተለ አንባቢ «ከባቡሩ ብንጀምር ኖሮ መሰረዝም ባላስፈለገ» ሊል ይችላል። ትክክል ነው። መጀመሪያ በባቡር 30፣ ቀጥሎ በሚሌና በሞጆ 15፣ በመጨረሻ በኮምቦልቻ 20 ብንል ያለ ላጲስ 65 እንደርስ ነበር። ስድስት መስመር ባለው መረብ ላይ ትክክለኛውን ቅደም ተከተል በዓይን ማየት ይቻላል። መቶ መስመር ሲሆን ግን ማንም አያየውም፤ የመሰረዝ ዘዴው ጥቅሙም ይኸው ነው፤ በየትኛውም ተራ ቢጀምሩ፣ አጀማመሩ ቢበላሽም፣ መጨረሻው አይበላሽም። ፍጥነቱ ግን በተራው ይወሰናል። ይፊም ዲኒትስ በ1970፣ ጃክ ኤድመንድስና ሪቻርድ ካርፕ ደግሞ በ1972 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሁልጊዜ ጥቂት መስመሮች ያሉትን አጭሩን ክፍት መንገድ ከመረጥን የዙሩ ብዛት በኩንታሉ መጠን ላይ አይመሠረትም፤ በመረቡ ስፋት ብቻ ይወሰናል።

65 ላይ ስንደርስ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። መጨረሻው ይህ መሆኑን በምን እናውቃለን? 45 ላይም እኮ መጨረሻ መስሎን ነበር።

እንዲህ ይደረጋል። ከጅቡቲ እንነሳና፣ ገና ቦታ ባለው መስመር ወይም ሊሰረዝ በሚችል ጭነት በኩል የምንደርስባቸውን ከተሞች ሁሉ በቀለም እንቀባ። ባቡሩ 5 ቀርቶታል፤ ሞጆ ተቀባች። ከሚሌ ወደ ሞጆ 20 እየሄደ ነው፣ መሰረዝ ይቻላል፤ ስለዚህ ሚሌም ተቀባች። ከሚሌ ወደ ኮምቦልቻ ከ30 ውስጥ 20 ነው የተያዘው፤ ኮምቦልቻም ተቀባች። ከሞጆ ወደ ባሕር ዳር 45ቱም ሞልቷል። ከኮምቦልቻ ወደ ባሕር ዳር 20ውም ሞልቷል። ቀለሙ እዚህ ቆመ፤ ባሕር ዳር አልተቀባችም። አሁን ከተቀባው ወገን ወዳልተቀባው የሚሻገሩትን መስመሮች ብቻ እንደምር፦ 45 እና 20፤ 65። ወደ ባሕር ዳር የሚገባ ማንኛውም ኩንታል፣ በየትም ዞሮ ቢመጣ፣ ከእነዚህ ሁለቱ አንዱን መሻገር አለበት። ሁለቱ አንድ ላይ ከ65 በላይ አያሳልፉም። እኛም 65 እያሳለፍን ነው። ስለዚህ የተሻለ ዕቅድ «አላገኘንም» ሳይሆን የለም።

እንዲህ መረቡን ለሁለት የሚከፍል የመስመሮች ስብስብ መቁረጫ ይባላል። በማንኛውም መረብ ላይ የሚቻለው ከፍተኛ ፍሰት ከትንሹ መቁረጫ አቅም ጋር ምንጊዜም እኩል ነው። ይህን በ1950ዎቹ አጋማሽ ያረጋገጡት በሳንታ ሞኒካ፣ ካሊፎርኒያ፣ በራንድ ኮርፖሬሽን ይሠሩ የነበሩት ሌስተር ፎርድና ዴልበርት ፉልከርሰን ናቸው። እኔ ከጠቅላላው ትምህርት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ዕቅድ አውጪው «ከዚህ በላይ አይቻልም» ሲል እንመነው ወይ ብለን የምንከራከርበት ምክንያት የለም፤ መቁረጫውን ያሳየንና መደመርና መቀነስ የሚችል ሰው ሁሉ ያረጋግጠው።

አሁን ወደ ርዕሴ ልመለስ። በመጨረሻው ዕቅድ የጋላፊ መስመር ጢም ብሎ ሞልቷል፤ 40 ከ40። እዚያ ኬላ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው የተሳቢ ሰልፍ ነው፤ ማነቆው እዚህ ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። ቀለሙ ግን ሚሌን ቀብቷታል፣ የጋላፊ መስመር ከመቁረጫው ውስጥ የለም። 500 ተጨማሪ ተሳቢ ገዝተን አቅሙን ከ40 ወደ 60 ብናሳድገው ባሕር ዳር የሚገባው ያው 65 ነው፤ ትርፉ የባቡሩ ጭነት መቀነስ ብቻ ነው። ያንን በደስታ ያሰላነውን የምልልስ ቅናሽ፣ ከ10 ቀን ወደ 8፣ ብናደርገውም እንደዚያው። ነገሩ በቁጥር ጨዋታ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ከውጭ የመጣ የእርዳታ እህል አሰብ ላይ ተከምሮ፣ ወደ መሀል አገር የሚያነሳው መኪና አልበቃ ብሎ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ መርከብ መጨመር የሚጨምረው የወደቡን ክምር ነበር።

ታዲያ የቱን እናስፋ? በመቁረጫው ውስጥ ካሉት ከሁለቱ አንዱን። የአባይ በረሃ ሸክም ለጫነ መኪና ምን እንደሆነ ያለፈበት ያውቀዋል፤ ከደጋው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መልሶ ያንኑ መውጣት ነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ በ2008 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ወንዙን መሻገሩ ቀሏል፤ ቁልቁለቱና ዳገቱ ግን እዚያው ናቸው። በምሳሌያችን ይህን መስመር ከ45 ወደ 55 እናሳድገው። ፍሰቱ ወደ 75 የሚያድግ ይመስላል፤ 70 ላይ ይቆማል። ምክንያቱም አሁን ትንሹ መቁረጫ ተዛውሮ ጅቡቲ ደጃፍ ላይ ሆኗል፦ 40 በመኪና፣ 30 በባቡር። የአሥር ዋጋ ከፍለን አምስት አገኘን። ያኔ ደግሞ፣ ቅድም ከንቱ የነበረው የተሳቢ ግዢ፣ ትርጉም ይኖረዋል። አንድ ግዢ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ጥያቄ ሌላው ነገር ምን ላይ እንዳለ ሳይታወቅ አይመለስም፤ የየመሥሪያ ቤቱን የማስፋፊያ ጥናት ለየብቻው መገምገም የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

የዚህ ሒሳብ አመጣጥ ራሱ ከጭነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ግን ከማድረስ ይልቅ ከመከልከል ጋር። ጥያቄውን ለፎርድና ለፉልከርሰን ያመጣላቸው የራንዱ የሒሳብ ሊቅ ቴዎዶር ሃሪስ ነበር። ሃሪስ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ የአሜሪካን ጦር ትራንስፖርት ከመሩት ከጡረተኛው ጄኔራል ፍራንክ ሮስ ጋር፣ የሶቪየት ኅብረትን የባቡር መረብ ያጠና ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. የጻፉት ሰነድ ምዕራባዊውን የሶቪየት ግዛትና ምሥራቅ አውሮፓን የሚያገናኘውን መረብ በ44 መገናኛዎችና በ105 መስመሮች ይሥለዋል። ያገኙት ከፍተኛ ፍሰት 163,000 ቶን ነው፤ ከዚያው ጋር እኩል የሆነውን መቁረጫ በካርታው ላይ አሥምረው «ማነቆው» ብለው ጻፉበት። ስሌቱን የሠሩት በመሰረዝ ዘዴ አልነበረም። መረቡን በጭነት ያጥለቀልቁትና፣ ማለፍ ያልቻለውን ትርፍ ወደ መነሻው ይመልሱ ነበር። ዓላማቸውም በጦርነት ጊዜ ባቡሩን ለማቆም ቦምብ የት ቢጣል በትንሹ እንደሚበቃ ማወቅ ነበር። ሰነዱ በምሥጢር ተይዞ ቆይቶ በ1999 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ አሌክሳንደር ስክራይቨር ጥያቄ ይፋ ሆነ።

የሚገርመው፣ በዚያው የሶቪየት ባቡር ላይ ከሃሪስና ከሮስ ሩብ ምዕተ ዓመት ቀድሞ ሌላ ሰው ተመራምሮ ነበር። ኤ. ኤን. ቶልስቶይ (ከደራሲው ጋር አያምታታን) በ1930 እ.ኤ.አ. ጨውና ሲሚንቶን የመሰሉ ጭነቶች ከምንጫቸው ወደ ተጠቃሚው በትንሹ የቶን-ኪሎሜትር እንዴት ይጓጓዙ የሚለውን አጥንቷል። እርሱ ሊቀንሰው የፈለገውን ወጪ፣ ሃሪስና ሮስ ከነጭራሹ ሊያቆሙት የፈለጉትን ጉዞ፣ እኛ ደግሞ ልንጨምረው የፈለግነውን ኩንታል የሚያሰላው የአንድ ቤተሰብ ሒሳብ ነው።

እስካሁን አቅምን የሰጠነው ለመስመር ብቻ ነው። በሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠበው መገናኛው ነው። ሞጆ ላይ ከፉርጎ አውርዶ መኪና ላይ የሚጭነው ክሬንና ፎርክሊፍት፣ የሰነድ መስኮቱ፣ የጫኝና አውራጁ ቡድን በቀን 35 ሺህ ኩንታል ብቻ የሚያስተናግድ ቢሆንስ? ለዚህ መፍትሔው ሞጆን በወረቀት ላይ ሁለት ማድረግ ነው፤ «ሞጆ መግቢያ» እና «ሞጆ መውጫ»። የመጣው ሁሉ መግቢያው ላይ ይደርሳል፣ የሚሄደው ሁሉ ከመውጫው ይነሳል፣ በሁለቱ መካከል 35 አቅም ያለው አንድ አጭር መስመር ይሠመራል። ስሌቱ ሳይቀየር መገናኛው መስመር ሆነ ማለት ነው። በእኛ ምሳሌ ፍሰቱ ወዲያው ወደ 55 ይወርዳል፤ መቁረጫው የሞጆ ግቢና የወረታ መንገድ ይሆናል። የአባይ በረሃ ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ 35 ብቻ ያልፍበታል። መንገዱን ሲያሰፉ የከረሙ ሰዎች ለምን ለውጥ እንዳላዩ የሚገባቸው እንዲህ ሲሣል ነው።

መነሻው ከአንድ በላይ ሲሆን፣ ለምሳሌ ከጅቡቲ ሌላ በርበራም ሲታሰብ፣ ከሁለቱም ኋላ አንድ ምናባዊ ወደብ ሥለን ከእርሱ ወደ እያንዳንዳቸው፣ በያንዳንዱ ወደብ ባለው ክምችት ልክ፣ መስመር እናወጣለን። መድረሻው ሲበዛም እንዲሁ ነው፤ ከየዞኑ ወደ አንድ ምናባዊ መድረሻ፣ በዞኑ ፍላጎት ልክ።

የመድረሻው ጉዳይ ትንሽ ያቆየናል፤ ምክንያቱም ድምር የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዳር 15፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 50 ፈለጉ እንበል። ድምሩ 65 ነው፤ መረባችንም 65 ያደርሳል፤ በጠቅላላ ሪፖርት ላይ ሁሉም የተሟላ ይመስላል። ደብረ ማርቆስ ያለችው ግን በአባይ በረሃ መስመር ላይ ነው፤ በዚያ በኩል የሚመጣው 45 ብቻ ነው፤ 5 ይጎድላታል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የተሣለው መስመር ወደ ሰሜን ብቻ ከሆነ ጉድለቱ አይሞላም፣ ባሕር ዳር ደጅ ላይ 5 ትርፍ ተቀምጦ እንኳን። መንገዱን ግን በሁለቱም አቅጣጫ ከሣልነው ስሌቱ ራሱ መፍትሔውን ያወጣዋል፦ በወረታ ከገባው 20 ውስጥ 15 ባሕር ዳር ይራገፋል፣ 5 ወደ ደቡብ ቁልቁል ሄዶ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል። የደብረ ማርቆስ ማዳበሪያ በኮምቦልቻና በደብረ ታቦር ዞሮ እንዲመጣ ቢሮ ውስጥ የሚያስብ ሰው አይኖርም። ዴቪድ ጌል በ1957 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ቲዎረም ይህን በጠቅላላው ይገልጸዋል፤ ፍላጎት ሁሉ የሚሟላው፣ የትኛውንም የመድረሻዎች ስብስብ ብንወስድ ያ ስብስብ ለብቻው በቂ መግቢያ ያለው ሲሆን ነው። የሁሉም ድምር መግጠም ብቻውን አይበቃም።

ማዳበሪያ ደግሞ ቀጠሮ አለው። ከዘር በኋላ የደረሰ ዩሪያና ዳፕ የተለየ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ «በቀን ስንት» ከሚለው ቀጥሎ «እስከ መቼ ስንት» የሚለው ይመጣል። ፎርድና ፉልከርሰን በ1958 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መንገድ መረቡን በቀን ማባዛት ነው። የዛሬ ጅቡቲ፣ የነገ ጅቡቲ፣ የተነገ ወዲያ ጅቡቲ እያሉ እያንዳንዱን ከተማ በየቀኑ መሣል። ሁለት ቀን የሚወስድ ጉዞ ከሰኞው ጅቡቲ ወደ ረቡዕ ሚሌ የሚሄድ መስመር ይሆናል። መጋዘንም ቦታ መሆኑ ይቀርና መስመር ይሆናል፦ ከዛሬው ሞጆ ወደ ነገው ሞጆ የሚወስድ፣ አቅሙ በመጋዘኑ ስፋት የሚለካ መንገድ።

ይህ አሣሣል መጋዘን የት ሲሠራ ምን እንደሚጠቅም ያሳያል። ባቡሩ ለ4 ቀን ተቋረጠ እንበል። በዕቅዳችን በቀን 25 ያመጣ ነበር፤ ሞጆ መጋዘን ውስጥ 100 ሺህ ኩንታል ቀድሞ ካለ በየቀኑ 25 እያወጣን የአባይን መስመር እንደሞላ እናቆየዋለን፤ ባሕር ዳር መቋረጡን ሳያውቅ ያልፋል። ባቡሩ ሲመለስ ግን መጋዘኑን መልሶ ለመሙላት ያለው ትርፍ በቀን 5 ብቻ ነው፤ 20 ቀን ይፈጃል። በ20ው ቀን ውስጥ ሌላ መቋረጥ ቢመጣ መጋዘኑ ጎዶሎ ሆኖ ይቀበለዋል። አሁን ደግሞ የተዘጋው የአባይ መንገድ ይሁን፤ ናዳ ወርዶበት 2 ቀን ቆመ። ሞጆ ላይ የቱንም ያህል መጋዘን ቢኖር ያ 90 ሺህ ኩንታል በዚያ መስመር አይመለስም፤ መንገዱ ሲከፈትም የሚያሳልፈው ያው 45 ነው። ከማነቆው በፊት ያለ መጋዘን ከወደብ በኩል ለሚመጣ ችግር መድኃኒት ነው፤ ማነቆው ራሱ ሲዘጋ የሚያገለግለው ከወዲያ ማዶ፣ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ላይ፣ ቀደም ብሎ የተከማቸው ነው።

ዘዴው የማይችለውንም መናገር ተገቢ ነው። ወጪን አያይም፤ በወረታ መዞር ስንት ነዳጅ እንደሚፈጅ አልጠየቅነውም። ለዚያ የትንሹ ወጪ ፍሰት የሚባል ወንድም ስሌት አለ፤ መስመሩ ላይ ከአቅም ጎን ዋጋ ይጻፋል፤ የመሰረዝ ሐሳቡ እንዳለ ይቀጥላል፣ የተሰረዘ ጭነት ዋጋው ተመላሽ ይሆናል።

የሚከብደው ጭነቱ የተለያየ ሲሆን ነው። እስካሁን ሁሉም ኩንታል እኩል ነበር፤ በባቡር የመጣው በመኪና የመጣውን መተካቱ ያስቻለው ይህ ነው። በ2008 ዓ.ም. ግን፣ በኤልኒኖ ድርቅ ምክንያት የመጣ ስንዴ የጫኑ መርከቦችና የማዳበሪያ መርከቦች በአንድ ሰሞን ጅቡቲ ላይ ተገናኝተው ወረፋ ይዘው ነበር። ወደቡ አንድ፣ ተሳቢው አንድ፣ ጭነቱ ግን ሁለት ዓይነት፣ መድረሻውም ልዩ ልዩ። እዚህ ላይ ወደ ጎጃም የሚሄድ ማዳበሪያን ወደ ሐረርጌ በሚሄድ ስንዴ መተካት አይቻልም፤ የፎርድና የፉልከርሰን እኩልነትም በጠቅላላው መሥራቱን ያቆማል። ትንሹ መቁረጫ ከሚነግረን ያነሰ ብቻ ማሳለፍ የሚቻልበት መረብ አለ፤ መልሱም በግማሽ መኪና ሊመጣ ይችላል። ስሌቱ ወደ መስመራዊ ፕሮግራሚንግ ይዞራል፤ ኮምፒዩተር አይቸግረውም። ነገር ግን ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፤ አንድ ኩንታል ስንዴ ዛሬ ሲደርስና አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ከዘር በፊት ሲደርስ ለየትኛው ምን ያህል ክብደት ይሰጥ? ያንን ሰው ካልነገረው ሁለቱን እኩል ይቆጥርና፣ የኩንታሉን ድምር ለማብዛት ሲል መንገዱ የቀለለለትን ጭነት ያስቀድማል።